ግራ ጉንጯን ወደ ግድግዳ

ክሊኒኩ ውስጥ ተራ ስንጠብቅ ከጎኔ የተቀመጠችው ሴት ልብስ ሰፊ ናት። ሜትሯ አንገቷ ላይ እንደተንጠለጠለ፣ ኮሌታዋ ላይ መርፌ እንደተሰካ ነው የመጣችው። ያበጠ ግራ ጉንጯን ወደ ግድግዳው አዙራለች፤ ለምዳዋለች መሰለኝ፣ ስትገባም ዓይኗ የፈለገው ያንን ጥግ ነበር።

መጽሐፍ ቅዱስ በብብቱ ይዞ አብሯት የመጣው የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ አያፍርም። "ልጄ፣ ባልሽ ነው፣ ቻይው። ጌታም ሌላውን ጉንጭህን ስጥ ነው ያለው" ይላታል። ደሜ ፈላ። የሱን ጉንጭ አየሁት፤ አንድ ጭረት እንኳ የለበትም!

እሷ ድምጿን ከፍ ሳታደርግ፣ "አባባ፣ እሱን ብቻ ነው እንዴ ያነበቡት? ጌታ ራሱ በጥፊ ሲመቱት፣ ለምን ትመታኛለህ ብሎ ጠይቋል። እኔ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አልጠየቅኩም" አለችው።

ሰውየው መጽሐፉን ከብብቱ አውጥቶ ማገላበጥ ጀመረ። ይፈልግ!

ነርሷ ካርድ ይዛ መጣች። ሴትዮዋን ታውቃታለች። "ያው ደረጃው ነው አይደል?" አለችና መልስ ሳትጠብቅ "ወድቃ" ብላ ጻፈች።

ሴትዮዋ ጉንጯን ከግድግዳው መለሰች።

"ሰርዢው እህቴ" አለች። "ቤታችን ደረጃ የለውም።"