በማኪና የመጡ አጫጆች

ከልጅነቴ ጀምሮ ጠያቂ ነኝ። እናቴ "ይቺ ልጅ ሳትጠይቅ ከዋለች ያማታል" እያለች ትቀልድብኝ ነበር። ትዳር ይዤም አልተሻለኝም። ባለቤቴ ጎንደር አራዳ ውስጥ ትንሽ ሱቅ ነበረው፤ ጨው፣ ስኳር፣ ክብሪትና አቡጀዲ እንሸጣለን። እኔ ከባንኮኒው ጀርባ ቆሜ የገባውን ገበያተኛ ሁሉ ስለ መንገዱ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሚስቱ ሳይቀር እጠይቃለሁ። ግማሹ ደንበኛ ለጨው፣ ግማሹ ለወሬ ይመጣ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። አሁን የምጽፈው በዚህ ጠባዬ ያፈርኩበትን ጊዜ ነው።

ኢጣሊያ ከወጣ ሃያ ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። አማቴ ከከተማው በታች፣ ደምቢያ ውስጥ፣ ሰፊ የጤፍ መሬት ነበራቸው። ሚስታቸው ስላረፉ፣ ጤፉ በደረሰ ቁጥር ከከተማ ወርጄ ለአጫጆቹ ምግብ የማሰናዳው እኔ ነበርኩ። አጫጆቹ የዚያ አገር ሰዎች አልነበሩም። ከመካነ ብርሃን በላይ ካለው የጃናሞራ ደጋ የሚመጡ ሰባት ስምንት ወንዶች ናቸው። በእነሱ አገር ገብስ እንጂ ጤፍ የለም። ገብሳቸውን ለሚስቶቻቸው ትተው፣ የየራሳቸውን ማጭድ ይዘው፣ ቀናት በእግር ተጉዘው በኅዳር ሚካኤል ማግስት ደጃችን ላይ ይገኛሉ። አንድ ቀን አይቀድሙም፣ አንድ ቀን አይዘገዩም። የሚጠራቸው የለም፣ የሚዋዋላቸውም የለም። ገንዘብም አይቀበሉም። አጨዳው ሲያልቅ ከወንዙ ዳር ያለው ማሳ የእነሱ ነው፤ አጭደው፣ ወቅተው፣ በአህያ ጭነው ይሄዳሉ። ከአማቴ አባት ጊዜ ጀምሮ እንዲህ ሲደረግ ኖሯል። ይህን ሳይነጋገሩ መስማማታቸው ያስገርመኝ ነበር። አማቴን ብጠይቃቸው "ምኑን እንነጋገረዋለን?" አሉኝ።

የአጨዳውን ዘፈን የሚያወርደው መሪያቸው ስለነበር፣ በቤታችን አውራጁ እንለዋለን። ፊት ለፊት ግን እኔ "አያ" እለዋለሁ፣ እሱ ደግሞ በዕድሜ ቢበልጠኝም "እመይቴ" ይለኛል። ጥያቄዬ የማይሰለቸው ብቸኛ ሰው እሱ ነበር። በእነሱ አገር በብርዱ ጊዜ የእንስራ ውሃ ጠዋት ላይ ረግቶ እንደሚገኝ፣ አምስት ልጆች እንዳሉት፣ የመጨረሻዋ ጤፍ ስታይ ቅንጣቱን አንድ በአንድ ለመቁጠር እንደምትሞክር የነገረኝ እሱ ነው።

አንድ ዓመት ጥቅምት ማብቂያ ላይ አንድ የሰሊጥ ነጋዴ ሱቃችን ገባ። ከሰቲት ነው የመጣው። እዚያ አዲስ የተከፈተውን የሰሊጥ እርሻ፣ ሙቀቱን፣ የሚከፈለውን ሁሉ አስለፈለፍኩት። ሰው ከየደጋው በማኪና እየተጫነ ወደዚያ ይጎርፋል አለኝ። "የጃናሞራስ ሰው?" አልኩት። "ማን ይቀራል ብለሽ ነው?" አለና ክብሪቱን ገዝቶ ወጣ።

ይኼው ነው የሰማሁት። በሳምንቱ ወደ ደምቢያ ስወርድ ግን ለአማቴ "የጃናሞራ አጫጆች ዘንድሮ ወደ ሰቲት ሄደዋል" ብዬ ነገርኳቸው። በዓይኔ ያየሁ ያህል ነበር አነጋገሬ። ዝም ብሎ ወሬ ነው ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ወሬ እንደዚያ ሲቀርብ አይጣፍጥማ።

ኅዳር ሚካኤል ዋለ። በማግስቱ ማንም አልመጣም። በሦስተኛው ቀን አማቴ ማሳው ውስጥ ገብተው አንድ የጤፍ ራስ በመዳፋቸው አሹ፤ ፍሬው ዝርግፍ አለ። ከዚህ በላይ ከቆየ እዚያው መሬት ላይ ይቀራል። ጎረቤት የየራሱ አጨዳ ላይ ስለነበረ ደቦ የሚጠራ አልነበረም። "ያልሽው እውነት ነው፣ ትተውናል" አሉኝ። በቅሏቸውን አስጭነው የሚያውቁት አንድ የወህኒ ቤት ሹም ዘንድ ሄዱ።

ከሁለት ቀን በኋላ አንድ የጭነት ማኪና መጣ። ሃያ እስረኞችና ሦስት ዘበኞች ወረዱ። እውነቱን ልናገርና ፍርሃት አልተሰማኝም፣ ጉድ ለማየት ቸኮልኩ እንጂ። ሁለት ሁለት ሆነው በእግራቸው ታስረዋል። እንዲህ ሆኖ እንዴት ይታጨዳል እያልኩ እከታተላቸው ጀመር። አንደኛው ሲራመድ ሌላው መራመድ አለበት። አንዱ ቀልጣፋ፣ ጥንዱ ሰነፍ ከሆነ ቀልጣፋው ማጭዱን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ማጭድ ጠዋት ማደልና ማታ ቆጥሮ መረከብ የእኔ ሥራ ሆነ። አንድ ቀን አንድ ጎደለብኝና ዘበኞቹ ሁሉንም አስቀምጠው ሲፈትሹ፣ ማጭዱ እኔ የተቀመጥኩበት ነዶ ሥር ተገኘ።

ብዙዎቹ የከተማ ሰዎች ነበሩ። ጤፉን ከማጨድ ይልቅ ከነሥሩ ይነቅሉታል፤ ከነሥሩ የተነቀለ ጤፍ ደግሞ አፈሩን ይዞ አውድማ ይገባል። የዚያ ዓመት እንጀራችን ጥርስ ላይ ይንኳኳ ነበር።

ከሁሉም የገረመኝ ዝምታቸው ነው። በዚያ ሜዳ ዘፈን የሌለው አጨዳ አይቼ አላውቅም። ከመካከላቸው አንድ ልብስ ሰፊ የነበረ ሽማግሌ ነበር፤ ምሳ ሳቀርብለት "አያ፣ ምነው አትዘፍኑም? ዘበኞቹ ከለከሏችሁ?" አልኩት።

"አልከለከሉንም" አለኝ። "ለማን ብለን ነው እመይቴ?"

እስረኞቹ ስላጨዱበት አማቴ ለሹሙ ስድስት ኩንታል ጤፍ ይሰጣሉ፤ ለእስረኞቹ ቀለብ ይሆናል ተብሏል። ሽማግሌውን ጤፉ ይደርሳቸው እንደሆነ ጠየቅኩት። ዳጉሳ ነው የምንበላው ብሎ ሳቀ። ይህንንም ለአማቴ ነገርኳቸው። "አንቺ ደግሞ የማትገቢበት የለም" ብለው ዘጉኝ።

አጨዳው ሊያልቅ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ እኔ ውሃ አድዬ ስመለስ፣ ከማሳው ዳር ሰባት ሰዎች ቆመው አየሁ። አውራጁ ከፊት ነው። ራሱን ተላጭቷል፣ የሐዘን። እስረኞቹን ያያል፣ ዘበኞቹን ያያል፣ ከዚያ ወደ ወንዙ ዳር ያያል። የወንዙ ዳር ማሳ ትናንት ታጭዶ አልቋል።

"ምነው እመይቴ?" አለኝ።

አማቴ መጡ። ሰላምታ ከተለዋወጡ በኋላ አውራጁ አባቱ እንደሞቱ፣ ተዝካራቸውን ሳያወጣ መምጣት እንዳልሆነለት፣ ባልንጀሮቹም እሱን ጥለው መውረድ ነውር ሆኖባቸው እንደጠበቁት አስረዳ።

"ነፍስ ይማር" አሉ አማቴ። "ሰው ብትልክብኝ ምን ነበረበት?"

"መች ልኬ አውቃለሁ ጌታው? ስመጣ መጣሁ ነው። የተዝካሩ ድግስ ጎተራዬን ጠርጎታል። የዚህን ቤት ጤፍ ተማምኜ ነው የደገስኩት።"

አማቴ ክፉ ሰው አልነበሩም። ምሳ ብሉ አሏቸው፤ ለመንገድ ስንቅ አስያዟቸው፤ ለአውራጁ ደግሞ አንድ ቁና ጤፍ ጨመሩለት። አንድ ቁና ለአምስት ልጅ ስንት ቀን ይሆናል? እኔ ይህን እያሰብኩ ምድጃው ዘንድ ቆምኩ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጥቼ ምንም ነገር መጠየቅ አልፈለግኩም። ወሬውን ያመጣሁት እኔ መሆኔን መናገር ነበረብኝ፤ ቢያንስ አማቴ ከጎተራ እንዲሰፍሩለት ምክንያት ይሆን ነበር። ፈራሁ። ምግባቸውን በልተው፣ መርቀው፣ ወደ መጡበት ተመለሱ።

በዓመቱ አማቴ የሚካኤልን ማግስት አልጠበቁም፤ ከሹሙ ጋር አስቀድመው ጨርሰዋል። እስረኛ ሐዘን ደረሰብኝ፣ በዓል ላክብር አይልም፤ ይህ ተመችቷቸዋል። የወንዙ ዳር ማሳም የቤቱ ሆነ። ከጃናሞራም የመጣ የለም። ስድስቱ የአውራጁ ባልንጀሮች በዚያ ዓመት የእውነት ወደ ሰቲት ወርደው ነበር።

ማኪናው ቆመ። እስረኞቹ ሲወርዱ አንዱ ጎንበስ ብሎ ከአፈሩ ጥቂት ዘግኖ በጣቱ ፈተነው። አውራጁ ነበር።

ከእኔ በፊት ያወቁት አማቴ ናቸው። ፊታቸው በራ። ትከሻውን መታ መታ አድርገው ደህንነቱን ጠየቁት፤ በበሬ ስርቆት እንደገባ ሲሰሙም አዘኑለት፣ የእውነት አዘኑለት። ከዚያ ወደ ዘበኛው ዞሩ።

"ስንት ዓመት ነው የተፈረደበት?"

"ሦስት።"

"ሸጋ" አሉ አማቴ። "በየመኸሩ እሱን እንዳታስቀሩብኝ። በዚህ አገር እንደሱ የሚያጭድ የለም።"

ቀልድ አልነበረም፣ ክፋትም አልነበረም። እንዲያ ማለታቸውን እሱም ሰምቶ "እግዜር ይስጥልኝ" አላቸው፤ ምስጋና ነውና።

በምሳ ሰዓት ወደ እሱ ሄድኩ። ከእሱ ጋር የታሰረው ሰውዬ ተኝቷል። እንዴት እንደሆነ ጠየቅኩት፤ መጠየቅ አልተወኝም። ክረምቱ ሲገባ ቤቱ ባዶ እንደነበር፣ የሰው በሬ ነድቶ ጎንደር ቅዳሜ ገበያ ሊሸጥ ሲል እንደተያዘ ነገረኝ። በሬውን ሰርቆ እንኳን ጥሩ ዋጋ ሳይሰጡኝ አልሸጥም ብሎ ሲከራከር ነው የበሬው ባለቤት የደረሰበት። ይህን ሲናገር ራሱም ሳቀ።

ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ "እመይቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ" አለኝ። "ያን ዓመት ወደ ሰቲት ሄደዋል ብሎ ያወራብን ሰው አለ አሉ። ዘበኛው ከጌታው ሰምቶ ነገረኝ። ማን ይሆን? ተቀይሜ አይደለም፣ እንዲያው ገርሞኝ ነው።"

ያ መገረም የእኔ ነበር። የእኔን ጥያቄ በእኔው አጠያየቅ ነው የጠየቀኝ። አማቴ ስሜን አለመጥራታቸው ለእኔ ብለው ነው።

"አላውቅም አያ" አልኩት።

"እርስዎማ ከየት ያውቃሉ" አለና መብላቱን ቀጠለ።

ሦስቱንም መኸር መጣ። ወቅቱ የነቢያት ጾም ነውና ቅቤ ማድረግ አልችልም፤ ስለዚህ ሦስቱንም መኸር ለእሱ የሱፍ ፍትፍቱን ከሌሎቹ አብልጬ አቀርብለት ነበር። እሱም አዲስ ለመጡት እስረኞች እኔን በአገጩ እያመለከተ፣ በዚህ ቤት እንደኔ ያለ ደግ ሰው እንደሌለ ይነግራቸው ነበር።