አልከፍትም ያለው ሰርቨር

ፋይል ወደ ሩቅ ሰርቨር መላክን ለመማር ሁለት የሥራ ቀን፣ ለአንድ መምህር ሁለት ምሳ፣ ለጣራ ገዳም ስለት ደግሞ አንድ ጥቅል ጧፍ አውጥቻለሁ። ምሳው ከጧፉ ይበልጥ ነበር። ፎቶ ቤት ለመክፈት ለምታስቡ ወጣቶችና ለሙያ ባልደረቦቼ ስል ነገሩን ከመጀመሪያው ልናገር።

ደብረ ታቦር ላይ ፎቶ ቤት ከመክፈቴ በፊት የባትሪ ድንጋይ፣ ቁልፍና የፕላስቲክ ጫማ ነጋዴ ነበርሁ። ፎቶን የመረጥሁት ጥበብ ጠርቶኝ አይደለም። ፎቶ አይሻግትም፣ አይጥም አይበላውም ብዬ ነው። በኋላ እንዳየሁት አይጥ ፎቶ ይበላል።

በመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ደንበኛዬ ከገበያ የመጡ አንድ ሽማግሌ ነበሩ። ካሜራው ከፎቶው ግርጌ ቀን ያትማል፤ ያተመው ግን የፈረንጁን ነው። ሽማግሌው አተኩረው አዩና መለሱልኝ።

«ይህ ዓመት ገና አልደረሰም» አሉ። «እስከዚያ መኖሬን በምን አወቅህ?»

በፈረንጅ አቆጣጠር እንደሆነ ባስረዳቸው፣ እኔ ፈረንጅ እመስልሃለሁ ወይ ብለው ፎቶውን ትተውልኝ ሄዱ።

ነጋዴ ከደንበኛ ጋር አይከራከርም። በዚያው ዕለት የካሜራውንም የኮምፒውተሩንም ቀን ወደ እኛ ዓመት መለስሁት፤ ኮምፒውተሩ በራሱ እንዳያስተካክለውም ማስተካከያውን አጠፋሁት። ለዓመታት እንዲሁ ሠራን። እርግጥ ማሽኑ ጳጉሜን የሚባል ነገር አያውቅም። የጥቅምትንም መጨረሻ አይቀበልም፤ ሁለተኛው ወር በእርሱ ዘንድ አጭር ነው። በእነዚያ ቀናት ቀን የሌለው ፎቶ እሸጥ ነበር፤ የጠየቀኝ የለም።

ትልልቅ ሥዕል በሸራ ላይ የሚያትም ማሽን የለኝም። ሥራውን ፍላሽ ላይ ጭኜ ለአውቶቡስ ረዳት እሰጠዋለሁ፤ አዲስ አበባ ያለ ማተሚያ ቤት ተቀብሎ ያትምና በመኪና ይመልስልኛል። ታዲያ አምና ማተሚያ ቤቱ ፍላሽ አልቀበልም አለ። ከክፍለ ሀገር የሚመጣው ፍላሽ ሁሉ ቫይረስ ነው አሉ፤ ውሸት አይደለም። ከእንግዲህ ፋይሉን በኢንተርኔት በራሳችን ሰርቨር ላይ አስገቡ ተባልን። በስልክ መላኩም አይሆንም። ስልክ ፎቶውን ያሳንሰዋል፤ ያነሰ ፎቶ በሸራ ሲታተም ፊቱ ይጠፋል። እስከዚያ ድረስ የእኔ ኮምፒውተር ኢንተርኔት አይቶ አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ሥራ የአያ ደምሴ ሆነ። አያ ደምሴ የገሳይ ገበሬ ናቸው፤ የእናታቸው ሙት ዓመት የሚወጣው በዚያው ሳምንት እሁድ ነበር። እናትየው በሕይወት ሳሉ ፎቶ ተነሥተው አያውቁም። ያሉት በልጅ ልጃቸው ሠርግ ቪዲዮ ጥግ ላይ ሲያጨበጭቡ ብቻ ነው። ያችን ቅጽበት ከቪዲዮው አውጥቼ አጸዳኋት። አያ ደምሴም ይፋግ ላሉት ዘመዶቻቸው መልኳን ታዩታላችሁ ብለው ልከዋል።

ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ፋይሉ እስከ ሐሙስ ማታ ካልገባ ዓርብ አይታተምም፤ ዓርብ ካልታተመ የቅዳሜው መኪና ባዶውን ይመጣል።

ማተሚያ ቤቱ የሚሞላውን በስልክ ላከልኝ፤ የሰርቨሩን አድራሻ፣ የፖርት ቁጥር፣ የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል። መምህር ይትባረክ የሚባል የኮምፒውተር አስተማሪ ጎረቤት አለኝ፤ እርሱን ጠራሁት። ኮምፒውተሩን በስልኬ ኢንተርኔት አገናኘ፣ የመላኪያውን ፕሮግራም ከራሱ ፍላሽ ጫነ፣ አንድ በአንድም ሞላ። አድራሻው ቤቱ ነው፣ ፖርቱ የሚገባበት በር ነው እያለ ያስረዳኛል። ግንኙነቱ በምስጢር ይሁን የሚለውንም መረጠ፤ ማተሚያ ቤቱ ያለዚያ አያስገባም። ተገናኝ የሚለውን ሲጫነው ቀይ ጽሑፍ መጣ። የሰርቨሩ ሰርተፍኬት አይታመንም ይላል።

የይለፍ ቃሉን ደግመን ጻፍን። ፖርቱን ቀየርን፣ መለስን። ምስጢሩን ብናነሣው ሰርቨሩ ራሱ አባረረን። ምሳ በላን። ከምሳ በኋላም ያው ነው። መምህር ይትባረክ ጥፋቱ የእነርሱ ነው ብሎ ፈረደ፤ እኔም የጋበዝሁት ሰው የፈረደውን ተቀበልሁ።

ሐሙስ አያ ደምሴ ከገሳይ መጥተው አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። እኔና መምህሩ እንደገና እንሞላለን፣ እንደገና ቀይ ይመጣል።

«አሁንስ ምን ይላል?» አሉኝ።

«አልከፍትም ይላል፣ አያ።»

«ማነው እርሱ?»

«ማሽን ነው።»

«ውስጥ ሰው የለም?»

«አለች አንዲት ልጅ።»

«እና ማሽኑን ከምትለምን እርሷን አትጠራትም?»

ይህን ከትናንት ጀምሮ ያላሰብሁት እኔ ብቻ አልነበርሁም፤ መምህሩም ወደ መስኮቱ ዞር አለ። ደወልሁ። የማተሚያ ቤቱ ቴክኒሻን ሰላማዊት ትባላለች። የእናት ሙት ዓመት ሥዕል ተይዞብናል፣ ሰርተፍኬታችሁ አይታመንም ብዬ ከበድ ባለ ድምፅ ነገርኋት።

«ጋሽ ሞላ፣ ከሐዋሳም ከጎንደርም ሲልኩልን ነው የዋሉት» አለች። «ያላመነን የእርስዎ ኮምፒውተር ብቻ ነው። እስቲ ስክሪኑን እንዳለ በስልክ ያንሡና ይላኩልኝ።»

ላክሁላት። ከፍታ አየችው።

«ጋሼ፣ ጥግ ላይ ያለውን ቀን አይተውታል?»

«አይቸዋለሁ። ልክ ነው።»

«በማን?»

«በእኛ ነዋ!»

ሳቋን ጨርሳ አስረዳችኝ። ሰርቨሩ ሲገናኙት መጀመሪያ መታወቂያ ያሳያል። መታወቂያው ከመቼ እስከ መቼ እንደሚሠራ ተጽፎበታል። የወጣው ባለፈው ወር ነው፤ በእኔ ኮምፒውተር ሒሳብ ግን ባለፈው ወር የተባለው ከሰባት ዓመት በኋላ ይመጣል። ማሽኔ ገና ያልወጣ መታወቂያ አላምንም ብሎ ነው። እኔም ብሆን አላምንም።

መምህር ይትባረክ ቀኑን አስተካከለ። ከሞላው ውስጥ አንድም የሚነካ አልነበረም፤ ሁሉም ከረቡዕ ጀምሮ ልክ ነበር። ተገናኝ የሚለውን ተጫነ። የማተሚያ ቤቱ ማኅደሮች ተደርድረው መጡ። ወንበር ስቤ ተቀመጥሁ።

ለአያ ደምሴ ማሽኑ በእኛ ዓመት ላይ ቆሞ ስለነበር ነው አልኋቸው።

«ታዲያ ምን አጠፋ?» አሉ።

ላክ የሚለውን ተጫንሁ። ፋይሉ እየተንፏቀቀ ሄደ፤ ሦስታችንም ከስክሪኑ ላይ ዓይናችንን አልነቀልንም። ካለቀ በኋላ ሰላማዊት ራሷ ደወለች፤ ድምፁን ከፍ አድርጌ አሰማኋቸው።

«ገብቷል ጋሼ። እኒህ የሚያጨበጭቡት እናት ናቸው አይደል?»

አያ ደምሴ ከአግዳሚው ተነሡ። ስልኩን በጣታቸው አመለከቱኝ።

«ናት በላት» አሉ፣ ቀስ ብለው።

አልኋት። እርሳቸውም ጋቢያቸውን አስተካክለው መኪና እንዳያመልጣቸው ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ዓመት ይኖራል፤ የእኛን ቀን በየፎቶው ላይ እኔ እጽፋለሁ። ለባልደረቦቼ የምነግረው ይህን ነው፦ ከሩቅ ሰርቨር ጋር አልገናኝ ሲላችሁ የይለፍ ቃሉን ከመጠርጠራችሁ በፊት የኮምፒውተሩን ቀን እዩ። ከዚያ ለሰው ደውሉ።

ሥዕሉ ቅዳሜ ማታ ደረሰ። እሁድ ድንኳኑ ውስጥ ተሰቀለ፤ የይፋግ ዘመዶች አዩት። ከሥራው አላተረፍሁም፣ አልከሰርሁም።