በየደጃፉ የዞረው መስመር

ጣሂራ በቺሮ ከተማ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ እየጻፈች አሥራ አንድ ዓመት ኖራለች። ያጻፏት ሰዎች አንድ ነገር ያውቁባታል፤ «በትሕትና እለምናለሁ» የሚለውን አትጽፍም። «መብትህ ከሆነ ምን ያስለምንሃል?» ትልና «እጠይቃለሁ» ብላ ታልፈዋለች። እናቷ ስትታመም ማሽኑን ሸጣ ወደ ትውልድ መንደሯ ተመለሰች።

መንደሯ ገንደ ሀሮ ይባላል። ከቺሮ ወደ ገለምሶ ከሚወስደው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ያለ፣ ስልሳ ሦስት አባወራ ጫትና ማሽላ የሚያመርትበት ቦታ ነው። የእህቷ ልጅ ኩብራ በ2005 ዓ.ም. የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ተፈትና አለፈች፤ የት እንደተመደበች ግን ኢንተርኔት ላይ ማየት ነበረባት። ለዚህ ደግሞ ገለምሶ መድረስ ያስፈልጋል። የመስከረም መጨረሻ ዝናብ መንገዱን ዘግቶት ከርሞ ኩብራ ገለምሶ ስትደርስ፣ የምዝገባው ቀን ካለፈ ሰንብቷል። ልጅቷ አለቀሰች። ጣሂራ አላለቀሰችም፤ ወረቀትና እስክሪብቶ አወጣች።

ኢንተርኔት መንደሩ ይግባ ብላ ሰባት ወር ጻፈች፣ ተመላለሰች። አስፋልቱ ዳር ፈጣኑን የኢንተርኔት መስመር የሚያከፋፍል ሳጥን ተተክሎ ስለነበር የቴሌ መሥሪያ ቤቱ በመጨረሻ ተስማማ። መንደሩ የስልክ እንጨቱን ራሱ ይተክላል፤ መሥሪያ ቤቱ ሽቦውን እስከ ትምህርት ቤቱ ይዘረጋል። ወርሃዊ ክፍያውን ቤቶቹ ይጋሩታል፤ ለአንድ ቤት ከአንድ እስር ጫት ዋጋ አይበልጥም። እንጨቱ ግን የበጀት ዓመቱ እስከሚዘጋበት እስከ ሰኔ ሠላሳ ተተክሎ ካልተፈረመበት ለሽቦው የተያዘው ገንዘብ ተመላሽ ይሆናል።

በግንቦት ጉዛ ተጠራ። ጉዛ የአገሩ ደቦ ነው፤ ጠሪው ምሳና ጫት ያቀርባል፣ ሰዉ ጉልበቱን ይዞ ይመጣል። እያንዳንዱ ቤት ከጓሮው ሁለት ሁለት ባሕር ዛፍ አመጣ። ለጉዛ የወጣን ሰው ደጃፍ ዘሎ ማለፍ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ መስመሩ አንዱንም ሳያስቀር በስልሳ ሦስቱም ደጃፍ እየዞረ ተተከለ። በሦስት ቀን አለቀ፤ ሲያዩትም ያምር ነበር።

ሰኔ አሥራ ስምንት የመሥሪያ ቤቱ ተቆጣጣሪ ሽፈራው መጣ። የመለኪያ ጎማውን እየገፋ መስመሩን ከዳር እስከ ዳር ሄደና ላቡን ጠረገ።

«ወይዘሮ ጣሂራ፣ ይሄ የስልክ መስመር ነው ወይስ ዘመድ ጥየቃ?»

«ዘመድ ጥየቃ ነው። ምን አጠፋ?»

«ሰባት ኪሎ ሜትር ሆኗል። ከአምስት ካለፈ ፍጥነቱ ይሞታል፤ አልፈርምበትም። ቀጥ ብሎ ቢመጣ ኖሮ አራት ተኩል ነበር። አሁን አሥራ ሁለት ቀን ነው የቀረዎት፣ የረመዳን ጾምም እየገባ ነው። ለከርሞ ይሁን።»

«ዘንድሮ ከዚህ መንደር ሦስት ልጆች ተፈትነዋል» አለችው። «ከርሞ ምን ያደርግላቸዋል? ሰኔ ሠላሳ ይምጡ።»

አርብ ዕለት ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነገሩን ለመንደሩ ተናገረች። ሰው ሁሉ ተቆጣ። የአባቷ ወንድም የታጁዲን ቁጣ ከሁሉም ባሰ።

«የደጄን እንጨት ነቅለሽ? አቦ ጣሂራ፣ ሽቦው ታጁዲንን ሰላም ሳይል ሊያልፍ ነው?»

ሰው ሳቀ።

«ሁሉንም ሰላም ሲል ነው የደከመው፣ አዴራ» አለችው፤ አዴራ የአገሩ «አጎቴ» ነው።

አሁንም ሳቁ፤ አጎቷ ግን አልሳቀም። «ነገ ጾም ነው። ምሳ የለ፣ ጫት የለ። ያለ ጫት ጉዛ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«አላየሁም። ነገ አያለሁ።»

በማግስቱ ከንጋቱ የሱብሂ ሰላት በኋላ ዶማ ይዛ ወጣች። መጀመሪያ የገዛ ደጃፏን ሁለት እንጨት ነቀለች። ቀጥታው መስመር በእናቷ ጫት መካከል ስለሚያልፍ፣ እናቷ የተከለችውን ሁለት ግንድ ከሥሩ ነቅላ ጉድጓድ መቆፈር ጀመረች። ጎረቤቷ ሀኒፋ አይታት ሳትጠራ መጣች። በሁለተኛው ቀን ሴቶቹ ዘጠኝ ሆኑ፤ ፀሐይ እስኪበረታ ይቆፍሩና ውሃ እንኳ ሳይቀምሱ ይመለሳሉ። በሦስተኛው ቀን ወንዶቹ ለማየት ብለው መጡ። አንዱ «ጉድጓዱ ጠማማ ነው» ብሎ ዶማውን ተቀበላቸው። ከዚያ ወዲያ ማንም ለማየት ብቻ አልመጣም።

ሰኔ ሃያ ስምንት የቀረው የታጁዲን ማሳ ብቻ ነበር። ሽማግሌው ከጫቱ ዳር በርጩማ አስቀምጦ ተቀምጧል።

«አዴራ፣ ጉድጓዱ እዚህ ላይ ነው።»

«የሰው ጫት ነው።»

«አውቃለሁ። ኩብራ ያጣችው ዓመትም የሰው ነበር። የጠየቃት የለም።»

ታጁዲን ጫቱን ግንድ በግንድ ተመለከተ። የኩብራ አያት ወንድሙ ነበር።

«ሁለት ግንድ» አለ። «ሦስተኛውን ብትነኪ ወላሂ ሽቦውን በጥርሴ ነው የምበጥሰው።»

«በየትኛው ጥርስ?» አለች ሀኒፋ ከኋላ።

ሽማግሌው አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ትከሻው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር። ጣሂራ ሁለት ግንድ ብቻ ነቀለች።

ሰኔ ሠላሳ ሽፈራው ጎማውን ገፋ፦ አራት ሺህ ሰባት መቶ ሜትር። ሁለት ጊዜ ለካና ፈረመ። ወረቀቱን ሲያቀብላት ጣሂራ አልተቀበለችውም።

«ሽቦው መቼ ነው የሚመጣው?»

«በቅርቡ።»

«በቅርቡ ቀን አይደለም። ቀኑን ይጻፉበት።»

«እኔ ቀን የመጻፍ ሥልጣን...»

«ለእኛ ሰኔ ሠላሳ ብሎ የጻፈው ሰው ሥልጣን ነበረው።»

ሽፈራው በዙሪያው የቆመውን ጾመኛ፣ ጭቃ የለበሰውን ሰው ተመለከተ። ከዚያ «ሐምሌ 9» ብሎ ጻፈ።

ሽቦው የመጣው ሐምሌ አሥራ አንድ ነው። ጣሂራ ራሷ ጾመኛ ብትሆንም ለሠራተኞቹ ሻይ አቀረበች፣ ሰላምም አለቻቸው፤ ቀጥላ ሁለቱ ቀን የት እንደዋለ ጠየቀቻቸው።