ህልው፤ ቃሉን አሸንፌ ሰውየውን ያጣሁበት ቅዳሜ

ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። ግን ናይሮቢ ውስጥ ያልጠገንኩት የሐበሻ ፍሪጅ፣ ተከራክሬ ያልረታሁት ባለዲግሪ የለም። ጉራ አይደለም። እሺ፣ ጉራ ነው።

ከኢትዮጵያና ኤርትራ ጦርነት በኋላ ባሉት ዓመታት፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት ሁርሊንግሃም በሚባለው ሰፈር አንድ ምግብ ቤት እንሰበሰብ ነበር። አንድ ሰው አንድ ከባድ ቃል ይዞ ይመጣል፣ እስክንለያይ እሱን ስናላምጥ እንቆያለን። ይሄን ያስጀመሩን አንድ ኤርትራዊ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ አዲስ አበባ አማርኛ አስተማሪ ነበሩ፤ «ፀሐይ» በየትኛው ፀ እንደሚጻፍ ግማሾቻችን ያወቅነው ከሳቸው ነው።

ያን ቀን ተራው የኔ ነበር። «ህልው» አልኩ። በአንድ ነገር ውስጥ ያለ ማለት ነው፤ ከውጭ የገባ ሳይሆን ከውስጡ የማይለይ። እንዲገባቸው ሻዬን አነሳሁ። እዚህ አገር ወተቱና ሻዩ አብሮ ነው የሚፈላው። አስተናጋጇን ጠርቼ «ወተቱ የታለ?» አልኳት በስዋሂሊ።

«ኢኮ ንዳኒ» አለችኝ፣ እንደ ሞኝ እያየችኝ። ውስጡ አለ።

«ሰማችሁ? ህልው ማለት እሱ ነው! በሉ ወተቱን አውጡልኝ!»

ሳቁ። ከሁሉም በላይ ሽማግሌው ሳቁ።

በቅርብ የመጣ አንድ ነጋዴ ግን አልሳቀም። «እኛ የምናውቀው የአገር ህልውና ነው» አለ። «በአገራችን ህልውና ላይ የመጣ ወገን እዚህ ጠረጴዛ ላይ ምን ይሠራል?» ዓይኑ ሽማግሌው ላይ ነበር።

ደሜ ፈላ። ይሄን ስጽፍም ይፈላል። «ውስጥ ያለ» የሚለውን ቃል፣ የኔን ቃል፣ ሰው ማስወጫ አደረገው!

«ስማ ወንድሜ» ብዬ ጀመርኩ። ጀመርኩና አላቆምኩም። ሀለወ፣ ይሄሉ እያልኩ የግእዙን ግስ ዘረዘርኩለት፣ ጠረጴዛ ደበደብኩ፣ በመሃል ቀልድም ጣል አደረግኩ። ተጨበጨበልኝ። በመጨረሻ ነጋዴው «በቃኝ፣ ቃሉን አላውቀውም ነበር» አለ።

ቃሉን! «ይቅርታ ጠይቃቸው» ያለው አንድም ሰው የለም፣ እኔም ጭምር። ዞር ስል ሽማግሌው ሄደዋል።

በማግስቱ ፓርክላንድስ ሰፈር ቤታቸው ሄድኩ። «ጋሼ፣ ምነው ጥለውን ሄዱ? አፉን እኮ አስያዝኩት!»

«የምግብ ቤቱ ደረጃ ላይ ቆሜ ስሰማ ነበር» አሉ። «ስለ ግሱ ልክ ነህ። ‹እሳቸው የኛ ናቸው› እስክትል ጠበቅኩ። እግሬን ሲያመኝ ሄድኩ።»

እኔ፣ ያ ምላሳም፣ የጠየቅኩት ይሄን ብቻ ነው።

«ቅዳሜ ይመጣሉ?»

«አንተ ትበቃቸዋለህ» አሉኝ።

ቅዳሜ ነጋዴው በሳቸው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጠበቀኝ።

«ተነስ፣ ሰው አለበት» አልኩት።

«የታለ?» አለ እየሳቀ።

ግእዝ አልጠቀስኩም፣ አልቀለድኩም። «እሳቸው የኛ ናቸው፣ ተነስ!»

ተነሳ። ግን ይሄን እሳቸው አልሰሙም።