በበዓለ ሃምሳ የሚጾሙት የኔታ

ረቡዕ፣ መካነ ኢየሱስ

ጎህ ሳይቀድ በቅሎዎቹን አስጫንን። ልጄ ዶክተር አስናቀ በጠቅላይ ግዛቱ ሐኪም ቤት የጉሮሮና የሆድ ዕቃ ነቀርሳ ሕክምና ይለማመዳል። አስተማሪው ሐኪም፣ «በሽተኞች እኛ ዘንድ የሚደርሱት ውኃ መዋጥ ሲያቅታቸው ነው፤ ሄደህ ገና በእግራቸው የሚቆሙትን ፈልግ» ብሎ ሰደደው። በመንግሥት ገንዘብ ያን ሁሉ ዓመት የተማረ ሰው በሽተኛ ፍለጋ ይዞራል፤ ሥልጠና ይሉታል። የበቅሎ አያያዝ ግን ስላላስተማሩት እኔ አባቱ አብሬው ወጣሁ። እኔ ፊደል ከቆጠርሁ ወዲህ የማውቀውን ሁሉ በራሴ ነው የተማርሁት፤ ልጄንም በአለንጋና በምክር አሳድጌዋለሁ።

ወደ ስማዳ መንገዱ ድንጋይና ቁልቁለት ነው። ባለበቅሎው አያሌው ከኋላ ይስቃል።

«ዶክተር፣ በቅሎዋን መመርመርዎ ነው? አንገቷን ይልቀቁላት እንጂ!»

ዓርብ፣ አርብ ገበያ

ጨው፣ ምስር፣ ባቄላ፣ የአህያ ጩኸት። በዓለ ሃምሳ ነውና ዓርብም ሥጋ ይበላል። አያሌው የበግ ጎድን በስሙኒ ገዝቶ አስጠበሰ። የምትጠብሰው ሴት፣ ልጄ ሐኪም መሆኑን ስትሰማ፣ ከንፈሯን መጠጠች።

«እኛማ ቤተ ልሔም የኔታ ክንፈ አሉልን። ሁዳዴን እህል ሳይቀምሱ ጾመው እስካሁንም አልፈቱ። እንዲህ ያለ አባት እያለ መርፌ ምን ይሠራል?»

«ሰማህ?» አልሁት ልጄን፣ የጣቴን ስብ እየጠረግሁ። «ሰው ማለት እንዲህ ነው።»

አስናቀ የያዘውን አጥንት አስቀመጠ። «ፋሲካ አልፏል እኮ፣ አባባ።»

«ዝም ብለህ ብላ!»

ቅዳሜ፣ ቤተ ልሔም

የኔታ ክንፈ ከዛፍ ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠው ድጓ ያስተምራሉ። አንገታቸው እንደ ጧፍ ቀጥኗል። ከተማሪዎቹ ታላቁ፣ «ከፋሲካ ወዲህ ወተት ብቻ ነው የሚቀምሱት፤ እሱንም ለእኛ ብለው» አለን በኩራት። ልጄን፣ ስለ ሆድ ዕቃ አንዳች እንዳይተነፍስ አስጠንቅቄዋለሁ። እሱም ታዘዘኝ። ጉልበታቸውን ስሞ፣

«የኔታ፣ በበዓለ ሃምሳ መጾም ይፈቀዳል?» አለ።

ዜማው ቆመ። ተማሪዎቹ አፈጠጡበት፤ እኔ የምገባበት ጠፋኝ። የኔታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ያስተማሩት ሥርዓት ነው፣ እንዴት ይካዱት?

«አይፈቀድም» አሉ። «ጾም አይደለም፣ ልጄ። እህሉ እዚህ ላይ ይቆማል።» ጣታቸውን ደረታቸው ላይ አኖሩ። «ሁዳዴ ስለነበር ጾመኛ አሉኝ። ፋሲካ ሲመጣ ማስተባበሉን አፈርሁ።»

«በመሣሪያ ሳይታይ ምንነቱን አላውቅም» አለ አስናቀ። «ነቀርሳ ከሆነ ይድናሉ ብዬ አልዋሽዎትም። ቆርጦ ማውጣት ባይቻል እንኳ ምግብ የሚያሳልፍ ቱቦ ይገባል። ግን ወተቱም እምቢ ሳይል መሄድ አለብን።»

«ማስተማር እችላለሁ?»

«ለጊዜው ይችሉ ይሆናል።»

«እንግዲያው በቅሎ ጫኑ።»

ነቀርሳን የሚያህል ነገር በሥርዓተ ጾም ጥያቄ ይገኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር። የልጄ አስተማሪዎችም ያሰቡት አይመስለኝም።

ማክሰኞ፣ መካነ ኢየሱስ

አንድ ተማሪ ቀድሞን፣ «የኔታ ሱባዔ ሊገቡ ነው» ብሎ አስወርቶ ኖሯል። በየመንደሩ ሰው ወጥቶ ይጠብቃል። የኔታ በየደረሱበት በቅሎዋን ያስቆማሉ።

«ሱባዔ አይደለም! ታምሜ ሐኪም ቤት መሄዴ ነው። እህል አልወርድ ብሎኛል።»

«አቤት ትሕትና!» ይላል ሰዉ፤ ይባስ ብሎ እግራቸው ላይ ይወድቃል።

ወደ ሐኪም ቤት የሚያደርሰን የደብረ ታቦሩ የጭነት መኪና የኔታን አሳፍሮ ሞተሩን አስነሥቶ ሳለ አንዲት ሴት ሕዝቡን ገፍታ ቀረበች። ቡራኬ አልጠየቀችም።

«የኔታ፣ እህሉ የት ላይ ነው የሚቆመው?»

አሳዩዋት። ሮጣ ሄደችና አንድ የከሳ ገበሬ በክንዱ እየጎተተች ተመለሰች። «ባሌ ነው። እሱም ጾመኛ ነው ይሉታል» አለች።

ሰውየው ከመኪናው ሥር አንገቱን ደፍቶ ቆመ። የኔታ ጠጋ ብለው አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት።

«ና ውጣ፣ ወንድሜ» አሉት። «የእኔና የአንተ ፋሲካ ዘግይቷል።»