የእትዬ በለጥሻቸው ቦይለር

በጃንሆይ ዘመን አውቶቡስ ተራ አጠገብ የእትዬ በለጥሻቸው መታጠቢያ ቤት ነበር። ከየአገሩ አቧራ ለብሶ የሚወርድ መንገደኛ እዚያ ገብቶ ሰው መስሎ ይወጣል። ውሃውን የሚያሞቀው በጋዝ የሚነድ ቦይለር ነው፤ የሱን ጠባይ የሚያውቀው ደግሞ ዱባለ ብቻ። ዱባለ ሲበላም ሲሄድም ችኩል ነው። ቦይለሩ ፊት ሲቀመጥ ግን ቅዳሴ የገባ ይመስላል።

አንድ ቅዳሜ ማለዳ ጓዙን አንጠልጥሎ ሊሰናበታቸው መጣ። ጎጃም ያለች እናቱ በጠና ታማለች ተብሎ ተልኮበታል፤ በሕይወት ሳለች ሊያያት ቸኩሏል።

«የእሳቱ በር ጭስ እያስወጣ ነው፤ ሳታየው አትሄድም» አሉት እትዬ በለጥሻቸው።

«እትዬ፣ አውቶቡሱ ያመልጠኛል!»

«ሰው ታፍኖ ቢሞትብኝስ? የነገውን ትይዛለህ።»

ጓዙን ጥሎ ገባ። የጋዙን መዝጊያ አጠበቀና በሩን ቢነካው ብረቱ በረዶ ነው፤ ከነጋ አልነደደም፤ ታዲያ ጭሱ ከየት መጣ? በቅዳሜ ገበያ! እትዬ በለጥሻቸው እኮ ደንበኛ መልሰው የማያውቁ ሴት ናቸው። በበሩ ዙሪያም ጥላሸት የለም። ቡሎኖቹን ፈትቶ ከፈተ። ጭስ እንዳይሾልክ በቅርቡ በገዛ እጁ በበሩ ዙሪያ ያስገባው የማሸጊያ ገመድ ምንም አልሆነም።

ታዲያ ለምን አስቀሩኝ?

ጥያቄው ከአፉ ሳይወጣ መልሱ መጣለት። ሰውን በሰበብ ከመንገድ የሚያስቀሩት ዘመድ ተሰብስቦ መርዶ እስኪነግረው ነው። እሱ ራሱ ጎረቤቱን ካሳን «ቧንቧ አግዘኝ» ብሎ እንዲሁ አቆይቶታል፤ ያኔ ደግነት መስሎት ነበር። ደግነትም ነው፤ እንዴት እንደሚያንገበግብ የገባው ግን ዛሬ ነው። እናቱ ሞታለች። አልደረሰባትም።

መጮህ አማረው፤ የእሳቱ በር ግን ተከፍቷል። አንዴ የተጨፈለቀ ገመድ ተመልሶ አያሽግም፤ ጭሱ ሾልኮ የሚታጠበውን ሰው ይገድላል። እንባው እየወረደ አሮጌውን ነቀለ፣ ገመዱ የሚቀመጥበትን ጎድጓዳ ፈቅፍቆ ጠረገ፣ የእሳቱን አፍ አጸዳ፣ አዲሱን ገመድ ጫፍና ጫፉን አጋጥሞ አስገባ። ቡሎኖቹንም አንዱን ትንሽ ጠበቅ፣ ቀጥሎ ከማዶ ያለውን ጠበቅ እያደረገ ዘጋቸው። ለኮሰና በበሩ ጠርዝ መዳፉን አዞረ። የሚሾልክ ሙቀት የለም።

ግቢው ውስጥ ኮቴ በዛ። ናዝሬት የሚኖረውን የወንድሙን የዘውገን ሳል ለየ። እትዬ በለጥሻቸው ብቅ አሉ፤ ዓይናቸው ቀልቷል፣ እንደምንም ፈገግ ለማለት ይሞክራሉ።

«አልጨረስክም እንዴ፣ ዱባለ?»

«ጨርሻለሁ እትዬ» አለ፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ። «ይግቡና ይንገሩኝ በሏቸው።»