ቲቸር ፓንድያን እና የእርሳሱ ጥያቄ ምልክት

ቲቸር ፓንድያን ማክሰኞ ጠዋት ኒድ ሰፈር ቤታቸው ዐርፈዋል። ላልሰማችሁ የምነግራችሁ እኔ እዮብ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሒሳብ ካስተማሯቸው ልጆች ሁሉ ደደቡም እኔ፣ ቆንጆውም እኔ።

ቲቸር ህንዳዊ ናቸው፣ ታሚል። በወጣትነታቸው ጅማ ሊያስተምሩ መጥተው እትዬ አስቴርን አገቡ። ኋላ አብረው እዚህ ፈረንጅ አገር መጡ፤ ጡረታ እስኪወጡ ዚንድሊንገን ሰፈር ያለው ኬሚካል ፋብሪካ ሠሩ። አማርኛቸው ከኔ ይሻል ነበር።

ያስተምሩኝ ብዬ ደብተሬን ስዘረጋላቸው ኤክስ አድርገው አያውቁም። ያላረጋገጥኩት መልስ ጎን በእርሳስ ጥያቄ ምልክት ያደርጉና «ውሸት ነው አላልኩህም፤ ገና ነው፣ አሳየኝ» ይላሉ። ደብተሬ የመንጠቆ ሱቅ ነበር የሚመስለው። የስታፕለር ፕሩፉንጌን፣ የፎርክሊፍት መንጃ ፈተናዬን፣ ሁለቴ ወድቄ በሦስተኛው ያለፍኩት በሳቸው ነው። አሁን መጋዘናችን ውስጥ ዕቃ እንደኔ የሚያነሳ የለም፣ ጠይቁ።

አንድ ቀን ስልኬ ላይ ፓንድያ የሚባሉ የታሚል ነገሥታት እንደነበሩ አየሁ። በቃ! ቦናመስ ሰፈር ክርስትና ግብዣ ላይ ማይክ ይዤ «ቲቸራችን የንጉሥ ዘር ናቸው! ስማቸው ድል አድራጊ ማለት ነው!» አልኩ። ሰው እልል አለ።

ስንመለስ ኡባን ባቡር ውስጥ ጠየቁኝ፣

«እዮብ፣ ድል አድራጊ ነው ያለህ ማነው?»

«እኔው ነኝ ቲቸር። የንጉሥ ስም ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?»

«አንዱ ሊቅ ጥንታዊ ማለት ነው ይላል፤ አንዱ ኮርማ፤ አንዱ ነጣ ያለ። እስቲ እየኝ፣ ነጣ ያልኩ ነኝ?»

በሳቄ ፉርጎው ሁሉ ዞረ።

«ታዲያ የቱ ነው?»

«አልተረጋገጠም። ነገሥታቱ ማዱራይ ከተማ ላይ መንገሣቸው፣ ምልክታቸውም ዓሣ መሆኑ እርግጥ ነው። የኔ አባት ግን ብስክሌት ጠጋኝ ነበር። ስሙ ደስ ስላለው አወጣልኝ፣ አለቀ።»

ባለፈው ወር ልጠይቃቸው ስሄድ አልጋ ላይ ነበሩ። እጄን ያዙ። «ስሞት ማውራትህ አይቀርም፣ ዝም በል አልልህም። ንጉሥ ግን እንዳታደርገኝ። ዘውድ ከጫንክብኝ አባቴን ታስጠፋብኛለህ። ስሙን ያወጣልኝ እሱ ነው።» ማልኩላቸው።

ሐሙስ ለቅሶ ቤት እትዬ አስቴር ቀብሩ ላይ የሚታደለውን ወረቀት ጻፍ አሉኝ። ቦናመሱ ግብዣ ላይ የነበሩት ጋሽ ክፍሌ ሰው በተሞላበት «ልጄ፣ ያንን ድል አድራጊ የሚለውን አስገባው እንጂ! ያምራል» አሉ። «አዎ፣ እሱማ ይግባ» አለ ቤቱ ሁሉ።

ምላሴን በላኝ። እውነት እላችኋለሁ፣ ያምር ነበር።

«አይ፣ ጋሽ ክፍሌ፣» አልኩ፣ «እሱን የፈጠርኩት እኔ ነኝ። ትርጉሙን አላውቅም።»

እኔ አላውቅም ስል የሰማ ሰው እስከዚያ ቀን አልነበረም። እትዬ አስቴር በለቅሶ መሀል ፈገግ አሉ። «ይሄኔ ቢሰሙህ!» አሉኝ።

ቲቸር፣ ነፍስዎን ይማረው። ስምዎን በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ከሥሩ «የብስክሌት ጠጋኙ ልጅ» ይላል። ከዚያ ጥንታዊ፣ ኮርማ፣ ነጣ ያለ። ሦስቱም ጎን፣ በያንዳንዱ ወረቀት ላይ፣ በእጄ ጥያቄ ምልክት አድርጌያለሁ። ነገሥታቱን እዚያ ካገኟቸው ይጠይቁልኝ። መጀመሪያ ግን አባትዎን ሰላም ይበሉልኝ። ጥያቄ ምልክቶቹን በእርሳስ ነው የጻፍኳቸው።